የመበለቲቱ ረሃብ

ያንን ዓረፍተ ነገር ሶዳም ያነበበችለት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰማችው።

«ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን ራባት፤ በመራቧም አፈረች» አሉ አዛውንቱ ሳንግዶ፣ ቃል ሳይጥሉ፣ ቃል ሳይጨምሩ። ከዚያ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡትን የዘመድ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ይህ እንግዲህ ከልቦለዷ ገና ያልታተመው ነው። የታተመውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ሶዳም በሰልጎል መንደር ትልቁ ቤት የወንዶች አዳራሽ ውስጥ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። አንገቷን ቀስ ብላ አዞረች። ያነበበችለት ዎንጊል በወረቀት ከተለበጠው ተንሸራታች በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ዓይኗን ሲያይ ዓይኑን ወደ ካልሲው ጣለ። ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

ዎንጊል የዚህ ቤት የበኩር ወራሽ ነው። አባትና እናቱ በሕይወት ስለሌሉ የቀደሙትን አያቶች የመታሰቢያ ሥርዓት የሚመራው እሱ ነው፤ ሚስቱ የምትሆነውም ሴት በሥርዓቱ ላይ ሁለተኛውን ጽዋ ለሙታኑ ታቀርባለች። የሶዳም አባት ደግሞ በአንዶንግ ገበያ ማኬሬል አሳ በጨው እያሹ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነበር፤ አሳ ሲያጥብ ያደገ እጅ ያንን ጽዋ ሊያነሳ ነው። ይህን ግን ጨዋ ሰው አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ስለዚህ የምትጽፈውን ልቦለድ ሰበብ አድርገው ያዙ።

ልቦለዱ በየሳምንቱ በመጽሔት ላይ ይወጣል። የቤቱን ስም አይጠራም፤ ነገር ግን በመንደሩ መግቢያ ላይ የቆመውን ቀይ በር የሚያውቅ ሁሉ የማን ታሪክ እንደሆነ ያውቃል። በሩን የታማኝነት ክብር ምልክት አድርጎ የሰጠው የጥንት ንጉሥ ነው። የተሰጠውም ወደዚህ ቤት ለተዳረች ለአንዲት የክዎን ልጅ ነው፤ ባሏ በወጣትነቱ ሲሞትባት አፏን ከምግብ ዘግታ ተከተለችው ይባላል። ስሟን የጻፈላት የለም። «ክዎን» የአባቷ ቤት መጠሪያ ነው፣ የሷ አይደለም። ዩንሲል የሚለውን ስም ያወጣችላት ሶዳም ናት።

«ታማኝ መበለት አይርባትም» አሉ ሳንግዶ።

«አባባ፣ ካልራባት ምግብ መተዋ ምን ክብር አለው ታዲያ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ሳል አስመሰለ። ሳንግዶ ግን አልሳቁም። ዛሬ የመበለቲቱ መታሰቢያ መሆኑን፣ ሥርዓቱ ጀንበር ስትጠልቅ እንደሚጀመር፣ ሲያበቃ መልሷን እንደሚሰሙ ነገሯት። ከሴኡል የሚመጡት ዘመዶች ለመመለስ እንዲመቻቸው ሥርዓቱ ከእኩለ ሌሊት ወደ ጀንበር መጥለቂያ ከተዛወረ ቆይቷል፤ ለአውቶቡስ ሲሆን ልማድ ይለወጣል።

«ወይ ዓረፍተ ነገሩ ከልቦለዱ ይወጣል» አሉ፣ «ወይ አንቺ በመጣሽበት በር ትወጫለሽ። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ስለ ጋብቻ የሚነሳ ነገር አይኖርም።»

ሶዳም ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ ነበር አባቷ የሌላ አሳ ነጋዴ ሚዛን ባዩ ቁጥር። እሷ ግን ሳትጠረጥር ነበር የወደደችው። ያንን ዓረፍተ ነገር ያነበበችለት በናክዶንግ ወንዝ ዳር፣ አኻያው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አንብባ ስትጨርስ ዎንጊል ምንም አላለም፤ ብቻ እጇን ወስዶ ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከራሱ እጅ ጋር አስቀመጠው። በዚያ ዝምታ ነበር ይህ ሰው የኔ ነው ያለችው። አሁን ዝምታውን መልሳ ስታየው ሌላ መልክ አወጣባት። ለካስ ዝም ያለው በቃሉ ሊይዘው ኖሯል።

* * *

ከቤቱ ጀርባ፣ የአኩሪ አተር ማሰሮዎቹ በተደረደሩበት መደብ አጠገብ ዎንጊል ደረሰባት።

«ለማን ነገርከው?» አለች ሳትዞር።

«ልነግርሽ አልችልም።»

«አትችልም ወይስ አትፈልግም?»

«ቃል ገብቻለሁ፣ ሶዳም።»

«ለነሱ?»

ዎንጊል በእጁ የአንዱን ማሰሮ ክዳን ያለ ምክንያት አንስቶ መልሶ ገጠመው። ሶዳም ዞራ አየችው፤ ፊቱ የበደለኛ ፊት መሆኑን ልታረጋግጥ ነበር የዞረችው፤ ያገኘችው ግን የተጎዳ ሰው ፊት ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «መጀመሪያ ያየሁሽ ቀን በሩ ሥር ቆመሽ ነበር። ስለ መበለቲቱ ጠየቅሽኝ። የት እንደተኛች፣ ምን እንደለበሰች፣ መስኮቷ በየት በኩል እንደነበር። ስሜን የጠየቅሽኝ የበሩ ጥላ ከዞረ በኋላ ነው። ይህን ነገር ይዤው ቆይቻለሁ፤ መልሱን ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩሽ። የመጣሽው ለኔ ነው ወይስ ለበሩ?»

ላንተ ማለት ነበረባት። ሌላ ሴት ብትሆን ላንተ ትለው ነበር፤ እሷም ነገ ትለው ይሆናል። ዛሬ ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

«መጀመሪያ ለበሩ ነበር።»

ዎንጊል ራሱን ነቀነቀ፣ የጠበቀውን ዋጋ እንደነገሩት ገዢ። «መጀመሪያ» የሚለው ቃል «በኋላ» የሚል ወንድም እንዳለው ልትነግረው ፈለገች፤ ዘገየች። እሱ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ሶዳም ከማሰሮዎቹ መካከል ቀረች። በመክዳቱ ትጠላው ዘንድ ይገባት ነበር፤ እሷ ግን ጀርባው እስኪሰወር ድረስ ታየው ነበር።

ሻንጣዋን አንስታ ልትሄድ ወሰነች። ትሂድ እንጂ ወዴት? ሴኡል ያለው የመጽሔቱ አዘጋጅ ደግሞ ትናንት ደውሎላት ነበር። አንባቢዎች አማርረዋል አለ። ዩንሲል ወኔ የላትም፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ለምን አጥሩን ዘላ አትጠፋም፣ «እኔ ብሆን ኖሮ» እያሉ ተማሪዎች ይጽፋሉ። ምሳውን በልቶ «እኔ ብሆን» ማለት ለማንም አይከብድም። አዘጋጁ በሚቀጥለው ሳምንት አጥር እንድታዘልላት በትህትና ለምኗታል። ወንዶቹ ሽማግሌዎች ልጅቷን ሙቺ ይሏታል፤ አንባቢዎቹ ሩጪ ይሏታል። ርቧት ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። አንድ ሰው ያሰበላት መስሏት ነበር፤ እሱም ሸጣት።

* * *

«የማኬሬሉ ሰውዬ ልጅ፣ ነይ እስቲ» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤቱ ጠራት።

የሙሲሏ እመቤት ናቸው፣ የዎንጊል አያት። ከሙሲል መንደር ተድረው ስለመጡ ሁሉም እንደዚያ ይጠሯቸዋል፤ የገዛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ማማሰያ ዘረጉላት። ሶዳም ቀድሞ የዚህን ወጥ ቤት ደፍ አልፋ አታውቅም፤ ዛሬ የተጠራችው ለውርደት ነው ብላ ጠረጠረች። ሳህን ያሳጥቡኛል፣ ከዚያም ቦታሽ ይኸ ነው ይሉኛል አለች በልቧ።

«አማስዪ። ከታች እንዳይይዝብሽ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ልሄድ ነው።»

«መሄድሽን ማን ከለከለ? አጥሚቱ ግን ይይዛል።»

የሩዝ አጥሚት ነበር፣ ነጭ፣ ጨው የሌለው። ሶዳም ማማሰያውን ተቀበለች። አሮጊቷ አፍንጫቸውን ወደ እጇ አስጠግተው አሸተቱ።

«የአባትሽን አሳ ለሙታኑም እናቀርባለን። አሳው ለሙታኑ ጠረጴዛ ከበቃ፣ ሻጩ ምን አጠፋ? ተዪው። ዎንጊል ያንን ዓረፍተ ነገር የነገረው ለኔ ነው።»

ማማሰያው ቆመ።

«አማስዪ አልኩሽ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ መጽሔቱን የሚያነብልኝ እሱ ነው። አንድ ቀን የሚቀጥለውን ንገረኝ አልኩት። አልናገርም አለ። አለቀስኩበት።» ሲናገሩ እፍረት የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። «ማልቀስ ለአሮጊት ምን ያስቸግራል? ነገረኝ። ለሷ እንዳትነግራት ብዬ በእናቱ መቃብር አስማልኩት። ከዚያ ሻይ ስንጠጣ፣ የተናደድኩ መስዬ ለሳንግዶ አቀበልኩት።»

«ለምን?» አለች ሶዳም፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«እኔ ብጠራሽ ኖሮ በሩን ይዘጉብሽ ነበር። ሲቆጡ ግን ራሳቸው ጠሩሽ። ይኸው ወጥ ቤቴ ውስጥ ነሽ። ደግሞም ሲያስፈራሩሽ ቃልሽን ትበዪ እንደሆን ከወረቀቱ በር ጀርባ ሆኜ ልሰማሽ ፈልጌ ነበር።»

ሶዳም ዎንጊልን አሰበች፤ የማሰሮውን ክዳን፣ የዘጋውን አፉን። ቅልል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ገባባት። የገዛ ዘመዶቻቸውን እንዲህ የሚሸውዱ ሴት እኔንስ ለምን ይተዉኛል?

«እኔንም እንዳላታለሉኝ በምን አውቃለሁ፣ እማማ?»

አሮጊቷ ሳቁ፤ ጥርስ አልነበራቸውም። «አታውቂም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ጠርጥራ የገባች ምራት ትሰነብታለች።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህ አጥሚት ለምን እንደሚቀርብ ወንዶቹን ብትጠይቂ፣ አንጀቷ ደርቆ ስለሞተች ከባድ ምግብ አይስማማትም ይሉሻል አሉ። ሥርዓቱ ሲያበቃ ሁሉም ከጠረጴዛው ይቃመሳል፤ አጥሚቱን ግን ወንድ አይነካውም። ወደ ሴቶቹ ክፍል ይመለስና ከምራቶች ሁሉ ታናሿ እስከ ታቹ ትጠጣዋለች። ሳህኑ ጠብታ ይዞ ወደ ወጥ ቤት አይገባም። አማት ለምራት ምክንያቱን የምትነግረው እዚህ ምድጃ አጠገብ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

«በላች» አሉ የሙሲሏ እመቤት። «አማቷ በእጇ አብስላ፣ ወንዶቹ ሳያዩ በዚህች በር አስገባችላት። ጠጣችው። ከዚያማ ኖረች። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ወረርሽኝ ገባ፤ እንደ ሌላው ሰው ታማ ሞተች። ቀይ በር የተሰጠው ቤት ግብር አይከፍልም ነበር። ስለዚህ አልበላችም ተባለ።»

ሶዳም የጻፈችው ረሃብ እውነት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ራሷን አሳፈራት።

«በላች ብቻ? አልጠፋችም?»

«ወዴት?» አሮጊቷ በመዳፋቸው ጉልበቷን ጠፍ አደረጓት። «ብቻዋን መንገድ ላይ የተገኘችን መበለት ያገኛት ሁሉ የሚነጥቅበት ዘመን ነው። ሸሸች ቢባል የእህቶቿን ደጅ የሚያንኳኳ ሽማግሌ የለም። አንቺ አውቶቡስ አለሽ፣ ብዕር አለሽ፣ አሳ እያሸ የሚያኖርሽ አባት አለሽ። ባንቺ ሆድ አትለኪያት፣ ልጄ። ያኔ መሞት ቀላሉ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ያመሰግንሻል፣ በር ያቆምልሻል። ከባዱ መብላት ነበር። በልተሽ በማግስቱ ምነው አትሞችም በሚል ዓይን ሁሉ ፊት ቁጭ ማለት። እኔ በጦርነቱ ጊዜ ባሌ ሞተ ሲሉኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር። አማቴ ይህችን ሳህን ይዛ ገባች። በኋላ ሰውየው በእግሩ መጣ፤ ነገሩ የተሳሳተ ወሬ ኖሯል። እኔ ግን ያቺን ጉርሻ እስከዛሬ አፍርባታለሁ፣ እስከዛሬም እኮራባታለሁ።»

የምድጃው እሳት ተንጣጣ። ሶዳም ማማሰል ትታ ማልቀሷን ያወቀችው እንባዋ እጇ ላይ ሲወድቅ ነው።

«ልጻፈው?»

«እኔ ምን ነገርኩሽ? ምንም። መራቧን ማንም ሳይነግርሽ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። የራበው ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኔ ላስተምርሽ?»

«ዎንጊል ያውቃል?»

«ወንድ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ለሱ ሆድ ይፍጀው። ለሁሉም ወንድ ሆድ ይፍጀው። ምስጢሯ ከዚህ ምድጃ የወጣች ቀን በሩም ቤቱም ይፈርሳል፤ ሴቶቹም አብረው።»

ሶዳም እሺ አለች። እሺ ስትል የማሰሮው ክዳን ትዝ አላት።

* * *

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዎንጊል የመጀመሪያውን ጽዋ አቀረበ። ሁለተኛውን የሙሲሏ እመቤት አቀረቡ፤ ለመስገድ ሲጎነበሱ ጉልበታቸው እምቢ አለ፣ የሚደግፋቸው ምራት አልነበረም። ከሴቶቹ ረድፍ በስተኋላ የቆመችው ሶዳም እግሯ ወደፊት ሊሄድባት ሲል ያዘችው። ገና መብት አልነበራትም።

ሥርዓቱ ሲያበቃ ወንዶቹ አሳውንና ሥጋውን መቃመስ ጀመሩ። የአጥሚቱ ሳህን ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመለሰ። የዎንጊል እናት ከሞቱ ወዲህ የሚጠጡት አያቲቱ ራሳቸው ነበሩ። ዛሬ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሞራ ዓይናቸው ፈልገው፣ ሶዳም ፊት አኖሩት። የዎንጊል አክስቶች ሁሉ ወደ ሳህኑ ዞሩ። አንዷ ልትናገር ከንፈሯን አላቃ ተወችው።

ጥርጣሬዋ በዚያች ቅጽበት እንኳ አልተዋትም። የሚያስሩኝ በዚህ ነው አለች፤ ከጠጣሁ የቤቱ ነኝ፣ ምስጢሩም በኔ ላይ ነው፣ ነገ የሰማሁትን እውነት ነው ብዬ ልምል አልችልም። ነጩን አጥሚት አተኩራ አየችው፣ ስንጥር እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ስሟ የጠፋውን ልጅ አሰበች። እሷም ሳህኑን አይታ እንዲሁ ጠርጥራ ይሆናል፤ አማቴ የምታበላኝ ወድዳኝ ነው ወይስ ልታዋርደኝ? አላወቀችም። ሳታውቅ ጠጣች።

ሶዳም ሳህኑን በሁለት እጇ አነሳች። ለብ ያለ፣ ጨው የሌለው፣ ወፍራም ነበር። እስከ ታቹ ጠጣችው።

* * *

ባዶውን ሳህን እንደያዘች ነበር ሳንግዶ ወደ አዳራሹ ደጃፍ ያስጠሯት።

«እህሳ፣ እመት ደራሲ?»

«ዓረፍተ ነገሩ ከልቦለዱ አይወጣም፣ አባባ። የሚከተለውም ይጻፋል።»

«ምን ይላል?»

«በላች ይላል።»

ሳንግዶ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸው እጇ ላይ ካለው ሳህን ላይ ወደቀ፤ እዚያው ቆየ፤ መቆየት ከሚገባው በላይ ቆየ። ሶዳም ጠረጠረቻቸው። የሳቸውም እናት በዚህ ቤት አንድ ጊዜ ታናሽ ምራት ነበሩ።

«በመጣሽበት በር...» ብለው ጀመሩ።

«ወንድሜ» አለ ከወረቀቱ በር ጀርባ ያረጀ ድምፅ፣ በታላቅ ትህትና፣ «ምራቴን ወዴት ነው የሚሰዱብኝ?»

ምራቴ የሚለው ቃል ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ሲዞር ታየ። ሳንግዶ ቆባቸውን አስተካከሉ፤ የተስተካከለውን ደግመው አስተካከሉት።

«መቼም ልቦለድ አይደል?» አሉ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያዩ። «ደራሲ የፈለገውን ያወራል።» ጎንበስ ብለው አሳቸውን መብላት ጀመሩ።

* * *

ዎንጊል ቀዩ በር ሥር ነበር የጠበቃት፣ መጀመሪያ በተገናኙበት ቦታ። እየጨለመ ስለነበር ፊቱን አጥርታ አላየችውም።

«ለአያትህ እንደነገርክ ነግረውኛል» አለች። «ሲጠራጠርህ ለዋለ ልቤ ይቅርታ አድርግለት።»

እሱ ግን ወደ ወጥ ቤቱ አቅጣጫ አየ። «አንቺንስ ምን ነገረችሽ? እዚያ ገብተሽ ስትወጪ ሌላ ሰው ሆነሽ ነው የወጣሽው።»

«ልነግርህ አልችልም።»

የገዛ ቃሉ ነበር። ሰማው፤ አወቀው። «ቃል ገብተሻል?»

«ገብቻለሁ።»

ድምፁ ውስጥ ስትመጣ ሰማቻት፤ እሷ ራሷ ቀኑን ሙሉ ይዛት የዋለችው ጥርጣሬ፣ አሁን ወደ እሷ ዞራ። አመማት። ከማሰሮዎቹ አጠገብ እሱን እንዴት እንዳመመው ያወቀችው ገና አሁን ነው። እሱ ያኔ ሳይከላከል ቆሞላት ነበር፤ እሷም አልተከላከለችም።

«ጥያቄህን ግማሹን ነው የመለስኩልህ» አለች። «የመጣሁት ለበሩ ነው። የቀረሁት ግን ላንተ ነው።»

ዎንጊል ያመናት መሆን አለመሆኑን ከዝምታው መለየት አልቻለችም፤ ግን እጇን ወስዶ ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከራሱ እጅ ጋር አስቀመጠው። ትንሽ ቆይቶ አወጣውና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«እጅሽ ሩዝ ሩዝ ይላል» አለ።

ምስጢሩን ልትነግረው አፏ ድረስ መጣ። መልሳ ዋጠችው፤ እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።